በጆሮ የሚነገር ስም

ሸጋው የሴትዮዋን ነገር ያነሣው ለማሳቅ ብሎ አልነበረም፤ ለምሳሌ ብሎ ነው። ክፍሉ ግን ሳቀ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የሰቆጣ የማስተርስ ተማሪዎች በሳምንቱ መጨረሻ የሚማሩት ከአንድ ትምህርት ቤት በተከራዩት የልጆች መማሪያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጉልበቱን ወደ መተላለፊያው አውጥቶ፣ ቦርጩን ከዴስኩ ጠርዝ ጋር አስማምቶ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ የሰው ልጅ የምግብ መፍጫ ሥርዓት በቀለም ተስሏል። ፕሮጀክተሩን የሚያዞሩበት ሌላ ባዶ ግድግዳ ስለሌለ የዶክተር እንዳለው ትምህርት ሁልጊዜ የሚያርፈው ጨጓራው ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጨጓራው ላይ «የባንክ አገልግሎት ለሁሉም» የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ አንዲት ሴት ሞባይል ይዛ ትስቅ ነበር። ዶክተሩ በየሁለት ሳምንቱ ከሩቅ ከተማ ተሳፍረው የሚመጡ ሰው ናቸው፤ መንገዱ ከወገባቸው ገና አልወጣላቸውም። «እስቲ ከሥራችሁ ምሳሌ አምጡ» ብለው ወንበራቸው ላይ አረፍ አሉ። ከሥራው ምሳሌ የማያጣው ደግሞ ሸጋው ነው።

ሸጋው ከከተማው ባንኮች በአንዱ የአገልግሎት ክፍል ኃላፊ ነው። ከደሴ ተዛውሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ የዋግን ማር ይወዳል፣ የዋግን ነፋስ አይወድም። ክፉ ሰው አይደለም። የማስታወሻ ቅጂ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ ሻይ ሲጠጣ የሰውንም ይከፍላል። «ባለፈው ረቡዕ ነው» አለ። «አንዲት እናት ከሳውዲ ገንዘብ ተልኮላቸው መጡ። የሚስጥር ቁጥሩን ይዘዋል፣ መታወቂያ ይዘዋል። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ‹ላኪው ማነው?› አለቻቸው። ‹ልጄ ናት።› ‹ስሟን ይንገሩኝ።› ሴትዮዋ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ‹ጆሮሽን አምጪ› አሏት!»

የመጀመሪያው ሳቅ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

«መስታወት አለ እኮ መካከላቸው! እሳቸው ምን ገዷቸው፤ አጎንብሰው አፋቸውን በገንዘብ መቀበያው ቀዳዳ አስገቡ። ልጅቷ ደንግጣ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሄደች።»

«ምን አሏት ታዲያ?» አለ ቅጣው ከኋላ። ቅጣው የግብርና ባለሙያ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የሳቅ ኃላፊነት የእሱ ነው።

«አንድ የክርስትና ስም። ወለተ ምናምን፤ ረስቼዋለሁ። እኛ ዘንድ ያለው የላኪ ስም ደግሞ ሌላ ነው፤ ጭራሽ አይገናኝም። ‹ጮክ ብለው ይናገሩ› ስትላቸው ‹ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ? ልጄን ለመተተኛ ላስረክባት ነው?› ብለው ተቆጥተው ወጡ። ጃንጥላቸውን እንኳ ረስተው ነው የሄዱት። እኔ ቢሮ አለ፤ እጀታው በቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለ።»

ምስራቅም ሳቀች። ከሌላው ትንሽ ዘግይታ ጀመረች፤ ከሌላው ትንሽ ዘግይታም ጨረሰች። ቢጫውን ፕላስተር የጠቀለለችው እሷ ናት፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በር ላይ ተቀምጣ፣ በጥርሷ እየቆረጠች። እናቷ ረቡዕ ማታ ቤት ስትገባ ምስራቅ «ምነው፣ አልሆነም?» ብላ ጠይቃት ነበር። «አልሆነም አሉ» አለች እናቷ። በዚህ አገር «አልሆነም» ከተባለ «ሲስተም የለም» ማለት ነው ብላ ምስራቅ አልጠየቀችም። ጃንጥላውንም «ቤተ ክርስቲያን ረሳሁት» ስትላት አመነች።

«ምን አደረጋችሁት ገንዘቡን?» አሉ ዶክተሩ።

«ይዤዋለሁ። ላኪያቸውን የማያውቁ ሰው፣ ቀላል የማይባል ገንዘብ፤ ያጠራጥራል። ማብራሪያ ካልመጣ ሰኞ ለላኪው ይመለሳል።»

ዶክተሩ ብድግ ብለው ጨጓራው ላይ በጠቋሚያቸው አንድ ክብ ሠሩ። የስደተኛ ቤተሰብ ባንክ የማይጠቀመው የዕውቀት ክፍተት ስላለበት ነው አሉ፤ ክፍሉም ክፍተቱን ለመሙላት ተሻማ። አንዱ፣ እዚያ አረብ አገር ባንኩ በየመንገዱ ሞልቶ ሳለ ልጆቹ ለምን ሄደው ሒሳብ እንደማይከፍቱ ይገርመኛል አለ። አንዷ፣ ማንበብ ስለማይችሉ ነው አለች። ሌላው፣ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር ማስቀመጥ ባህል ሆኖባቸው ነው፤ ባህል ደግሞ ለመለወጥ ጊዜ ይፈልጋል አለ፤ ይህ ተመዘገበ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የባንክ በር ላይ ቢቆም መጀመሪያ የሚያስተናግደው ፖሊስ እንደሆነ የተናገረ የለም። በጦርነቱ ጊዜ የከተማው ባንኮች በሙሉ ተዘግተው ደብተር ያለው ሰው ደብተሩን አቅፎ ሲራብ፣ ፍራሽ ሥር ያስቀመጠው ለጎረቤቱ እህል ሲያበድር የነበረ መሆኑንም ያነሣ የለም። ይህን የሚያውቁ በክፍሉ ውስጥ አልጠፉም፤ ግን ፈተና ላይ የሚመጣው የዕውቀት ክፍተቱ ነው። ምስራቅም አንገቷን ደፍታ «የዕውቀት ክፍተት» ብላ ጻፈች።

ጥሩሐረግ፣ ታናሽ እኅቷ፣ በጅቡቲ በኩል በባሕር ተሻግራ ጂዳ ከገባች አምስተኛ ዓመቷ ነው። በሰው ቤት ትሠራለች፤ ኢቃማ የላትም። የምስራቅን የማስተርስ ክፍያ በየሴሚስተሩ የምትከፍለው እሷ ናት። ይህን ክፍሉ አያውቅም። እንዳያውቅም ምክንያት ነበር፤ ምስራቅ በመሥሪያ ቤቷ ያላት ሥራ ወጣቶች በሕገ ወጥ መንገድ እንዳይሰደዱ ማስተማር ነው። በየቀበሌው እየዞረች፣ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ «በባሕር የሄደ አይመለስም» ትላለች፤ ውሎ አበሏን ትፈርማለች፤ ቤቷ ገብታ በባሕር ከሄደችው ጋር በስልክ ታወራለች።

የጥሩሐረግ ገንዘብ እስካሁን ሲመጣ የኖረው በምንዋጋው ጨርቅ ቤት በኩል ነው። ከጂዳ አንድ ሰው ለምንዋጋው ይደውላል፤ እናቷ ማንጠግቦሽ ትሄዳለች፤ ጣቃ ጨርቁ ጎን ትቀመጣለች፤ ምንዋጋው የጨርቅ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ያጎነብስላትና ጆሮውን ይሰጣታል። የልጇን የክርስትና ስም ትነግረዋለች። ከጂዳ ከተነገረው ጋር ከገጠመ ይከፍላል። በዋግ ምድር ጥሩሐረግ የምትባል ሞልታለች፤ የጥሩሐረግ እናት ነኝ የሚልም አይጠፋም፤ የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ግን ያጠመቃትና ያስጠመቃት ብቻ ነው። ያም ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም፤ ክፉ ሰው ከሰማው ይሠራበታል። ማንጠግቦሽ የቄስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ቄስ ዓለምነህ የስንቱን ስም በጆሯቸው ይዘው እንደሞቱ ታውቃለች። ለእሷ ገንዘብ መቀበል ማለት ይኸው ነው፤ ቤት መግባት፣ መቀመጥ፣ ጆሮ መጠየቅ።

ይህን ያፈረሰችው ምስራቅ ናት። ባለፈው ወር ዶክተር እንዳለው ከባንክ ውጭ የሚላክ ሀዋላ የአገር ደም ነው የሚመጠው ሲሉ ጉዳዩ ከነከናት፤ ማታውኑ ለእኅቷ ደውላ «ከእንግዲህ በባንክ ላኪ» አለቻት። ጥሩሐረግ መጀመሪያ ሳቀች። «እኔ? በየትኛው ወረቀቴ?» አለች። «መላ አይጠፋም» አለች ምስራቅ፤ የተማረ ሰው መላ ለሌላ ሰው ሲተው አይከብደውም። ጥሩሐረግ መላውን አገኘች፤ ምህረት የምትባል ኢቃማ ያላት የአገሯን ልጅ ለመነችና በእሷ ስም ላከች። የላከችውም የዓመት ደሞዟን ነው፤ ሰሞኑን አፈሳ በርትቶ፣ ያፈሱትን ከለበሰው ልብስ በቀር ምንም ሳያስይዙ ወደ አገሩ ይመልሱታል ስለተባለ እጇ ላይ እንዳይቀር ፈርታ። ቁጥሩን ለምስራቅ ላከችላት፤ ምስራቅ በወረቀት ጽፋ ለእናቷ ሰጠችና ለግንዛቤ ማስጨበጫ ወደ ኒሯቅ ወረደች። የላኪዋ ስም ምህረት መሆኑን መንገር ረሳች። ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍል ስትገባ ስልኳ ላይ የጥሩሐረግ የድምፅ መልእክት ነበር። «ወጣ ወይ? ምህረት እኮ ሰኞ ለዘለቄታው ከሳውዲ ልትወጣ ነው። ተመልሶ እጇ ከገባ ምን ብዬ እይዛታለሁ? ጥሩ ሰው ናት፤ ግን ሰው ናት» ትላለች።

በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ወደ ሻይ ቤቱ ወጣ። ሻይ ቤት የሚባለው ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተከለለ ቦታ ነው፤ የሻይ ዋጋ ባለፈው ሴሚስተር ከነበረበት በአምስት ብር ጨምሯል፤ ብርጭቆው ግን አነሰ ብሎ ቅጣው በየሳምንቱ ያመለክታል። ምስራቅ ሸጋውን ለብቻው እስክታገኘው ጠበቀች። ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበር።

«ሸጋው።»

«አቤት ምስሬ፤ ሻይ ልዘዝልሽ?»

«እኒያ ጃንጥላቸውን የረሱት እናት…» እናቷን በዕድሜዋ አንቱ ብላ ጠርታ ስለማታውቅ ቃሉ አፏ ውስጥ ሸካራ ሆነባት። «የማውቃቸው ይመስለኛል።»

ሸጋው ብስኩቱን እንደነከረ ቀረ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ እውነትም ደንግጧል። «ኧረ! በሞቴ! ምንሽ ናቸው?»

እናቴ ናት ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ምስራቅ አፏን ከፈተች። የዚያን ጊዜ ቅጣው ብርጭቆውን ይዞ መጣና በሁለቱ መካከል አንገቱን አስገባ። «ምንድን ነው ሹክሹክታው? ጆሮህን አምጣ እያለችህ ነው እንዴ?» አለ። ዙሪያውን ያሉት ሳቁ። ሸጋውም ሳይፈልግ ፈገግ አለ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አለች ምስራቅ። ይህም ሁለት ቃል ነው።

ሸጋው ብስኩቱ ሻይ ውስጥ ቀልጦ ቀረበት። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ! እኔ እኮ ጠልቼ አይደለም፤ ሕግ ነው። አምጫቸው። ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነን፤ ከትምህርት በኋላ እኔ ራሴ እገባለሁ፤ ለአንቺ ብዬ እጨርሰዋለሁ።» ጥቂት አሰበና ዓይኑ በራ። «ደግሞ የቡድን ሥራችን! የስደተኛ ቤተሰብ ቃለ መጠይቅ አድርጉ አልተባልንም? ጎረቤትሽ ከሆኑማ አለቀልን። ኽምጣንጋ ካወሩም አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።» ለጠረጴዛው ሁሉ ጮክ ብሎ «አገኘን እኮ!» አለ፤ የቡድኑ አባላትም እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ቃለ መጠይቁን በምናብ ሊጽፉ አስበው ነበርና።

ምስራቅ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆማ ለእናቷ ደወለች። በኽምጣንጋ ነው የሚያወሩት፤ የሆድ ነገር ሲሆን ሁልጊዜ በዚያ ነው። ከትምህርት በኋላ ባንኩ በር ላይ እንድትጠብቃት ነገረቻት። ላኪዋን ሲጠይቋት ምህረት እንድትል ነገረቻት።

«ምህረት ማን ናት?» አለች እናቷ።

«የጥሩሐረግ ጓደኛ። በእሷ ስም ነው የተላከው።»

«የማን አገር ልጅ ናት? ክርስቲያን ናት?»

«እማ!»

«ልጠይቅ እንጂ። የልጄን ላብ በስሟ ይዛ ስትዞር ማን እንደሆነች አልጠይቅ?» አለች ማንጠግቦሽ። ቀጥላም «ጮክ ብዬ ልበለው?» አለች።

«ምህረትን ጮክ ብለሽ በዪው፤ ግድ የለም።» የጎረቤቱን ነገር ግን አልነገረቻትም። በስልክ የሚባል አይደለም፤ በር ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ እነግራታለሁ አለች። የቀረውን ትምህርት ሁሉ ያንን የምትነግርበትን ቃል ስትፈልግ ዋለች። ባለሙያ ሆና ድምፅ ማጉያ ይዛ ስንቱን ሕዝብ የምታናግረው ሴት ለአንዲት እናቷ የምትለው አጣች። ዶክተሩ በመሐል ጥያቄ ጠየቋት፤ «የዕውቀት ክፍተት» አለች፤ ትክክል ነበረች።

ባንኩ በር ላይ ስትደርስ ግን ሸጋው ቀድሟታል። በባጃጅ መጥቶ ኖሯል። ደረጃው ላይ ከማንጠግቦሽ ጋር ቆሟል፤ ባለ ቢጫ ፕላስተሩን ጃንጥላ በሁለት እጁ፣ ጸበል እንደሚያቀርብ ዲያቆን ይዞላታል። ማንጠግቦሽ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታለች። ነፋሱ ጫፉን ያርገበግበዋል።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል ሸጋው። «የእኛ ልጆች አላወቁዎትም። ጎረቤትዎ ምስራቅ ባትነግረኝ እኮ ሰኞ ተመልሶ ነበር።»

ማንጠግቦሽ ጃንጥላውን ተቀበለች። ቀና ብላ ምስራቅን አየቻት። አየቻት ማለት፣ ዓይኗ መጥቶ ምስራቅ ላይ አረፈና የሆነ ነገር አንሥቶ ሄደ፤ ከዚያ በላይ አልቆየም።

«አዎ» አለች። «ጎረቤቴ ናት። ደግ ልጅ ናት።»

ውስጥ ገብተው ሸጋው ወንበር አቀረበላት። ያቺው ገንዘብ ከፋይ ልጅ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ፈርታ ፈገግ አለች። «ይቀመጡ» አለች ምስራቅ እናቷን። እናቷ ተቀመጠች። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ አጭር ማብራሪያ መጻፍ ስላለበት ሸጋው ብዕሩን አወጣ፤ ለተቆጣጣሪ ነው እንጂ ነገሩ አልቋል አለ።

«ላኪዋ ማን ናት?»

«ምህረት!» አለች ማንጠግቦሽ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። ወረፋ ላይ የነበሩት ዞር አሉ።

«ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ግድ የለም» አለ ሸጋው። «ምንዎ ናት?»

«የልጄ ጓደኛ።»

«ልጅዎስ? ስሟ?»

«ጥሩሐረግ።»

«ጥሩሐረግ ማን?»

ሸጋው ብዕሩን እንዳነሣ ጠበቀ። ምስራቅ ዓለምነህ፣ በስም ጥሪው ላይ በየሳምንቱ ከሸጋው ስም ቀጥሎ የምትጠራው፣ ከእናቷ ወንበር ጀርባ ቆማ የግድግዳ ሰዓቱን ታያለች። ማንጠግቦሽ አንገቷን ሳታዞር በኽምጣንጋ አንድ ነገር አለች። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነበር። ‹የአባትሽን ስም ልበለው ወይስ ልተወው?› ነው ያለችው።

«ምን አሉ?» አለ ሸጋው።

«እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚሉት» አለች ምስራቅ።

ማንጠግቦሽ መልሱን ሰማች። ጃንጥላውን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ወለሉ ላይ አቆመችውና እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች። «ጥሩሐረግ ማንጠግቦሽ» አለች።

ሸጋው ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። «እናቴ፣ ማንጠግቦሽ እኮ እርስዎ ነዎት። የአባቷን ነው የጠየቅሁዎ።»

«አባቷ ሞቷል። እኔ ነኝ የቀረኋት። ማንጠግቦሽ በለው።»

ሸጋው ምስራቅን አየ፣ ‹አየሽ የምልሽን› በሚል ዓይን፤ ምስራቅም አየችለት። ጥሩሐረግ ማንጠግቦሽ ብሎ ጻፈ። «ሕጉ አይፈቅድም፤ ለምስራቅ ብዬ ነው» አለ። ፈረመ፤ ለገንዘብ ከፋይዋ ሰጠ፤ ረቡዕ ለማንም የማይሆነው ነገር ቅዳሜ ቀትር ላይ ሆነ። ማንጠግቦሽ ገንዘቡን ተቀብላ ወደ ግድግዳው ዞረችና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ሸጋውን ረጅም ምርቃት መረቀችው፤ ውለድ ክበድ፣ ሹመት ይጨምርልህ፣ አገርህ ያግባህ አለችው። አገሩ መግባት በጣም ስለሚፈልግ ይህችኛዋ ልቡ ገባች።

«እናቴ፣ ሌላ አንድ ነገር» አለ በሩ ላይ። «የሚመጣው ቅዳሜ ቤትዎ መጥተን ትንሽ ጥያቄ ብንጠይቅዎትስ? ለትምህርታችን ነው፤ ጎረቤትዎም ከእኛ ጋር ናት።»

«የምን ጥያቄ?»

«ሰው ለምን ባንክ እንደማይወድ ነው የምናጠናው።»

«ኑ» አለች ማንጠግቦሽ። «ቤት የእግዜር ነው። ጎረቤቴ ታመጣችኋለች።»

ከባንኩ እስከ ቤታቸው አንድ አቀበትና አንድ ረጅም ግንብ ነው። ፀሐዩ ከረር ስላለ ማንጠግቦሽ ጃንጥላውን ዘረጋች። ለሁለት ይበቃል፤ ሁልጊዜም ለሁለት ነው የሚሄዱበት፤ ግን አሁን ምስራቅ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ፀሐይ ላይ ሄደች። እናቷ ጠጋ በዪ አላለቻትም፤ ሂጂም አላለቻትም። የምንዋጋው ጨርቅ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ምንዋጋው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ «እትየ ማንጠግቦሽ፣ ምነው ጠፉ? ተጣላን እንዴ?» አለ። «ሥራ በዛብኝ ልጄ፤ ባንክ መመላለስ ጀምሬ» አለች ማንጠግቦሽ፤ ምንዋጋው ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። የገብስ ነጋዴዎቹ ሸራቸውን እየጠቀለሉ ነበር፤ ከደሃና የመጡት አህዮቻቸውን ጭነው ወደ መንገዱ እየወጡ ነበር። አንዲት የማንጠግቦሽ አገር ሴት አህያዋን እየነዳች ከሩቅ ሰላምታ ስታቀርብ ቆመው ሰላም ተባባሉ፤ የከብት፣ የዝናብ፣ የጉልበት ሕመም ተጠያየቁ። «ልጅሽ ናት?» አለች ሴትዮዋ ምስራቅን አይታ። ማንጠግቦሽ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሰው የአህያይቱን ጆሮ ነካ ነካ አድርጋ «በሉ እንዳይመሽባችሁ» አለች።

«እማ» አለች ምስራቅ አቀበቱ ሲጀምር።

«አቤት።»

ለመናገር ያሰበችው ሌላ ነበር። «ባጃጅ እንያዝ? ደከመሽ» አለች።

«እግር አለኝ» አለች እናቷ።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ሲገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ከመግቢያው ትይዩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ነው፤ ምስራቅ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የተቀበለች ዕለት፣ ጥቁር ካባ ለብሳ፣ እናቷን አቅፋ። መስታወቱንና ፍሬሙን ያሠራችው ጥሩሐረግ ናት፤ ከመሄዷ በፊት ጠላ ጠምቃ ባጠራቀመችው። ማንጠግቦሽ ጃንጥላውን ጥግ አቆመች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ፣ በርጩማ ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደችው። የነበረበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ ቀረ። በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ወለወለች።

«የት ላድርገው?» አለች።

«እማ፣ ተይው በናትሽ።»

«ቅዳሜ ሰው ይመጣል። የጎረቤት ልጅ ፎቶ ምን ይሠራል እዚህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እንደ ዛሬው መልስ ይጠፋብኛል።» ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ምስራቅ መልስ ይኖራት ነበር፤ ተጣልተው፣ አልቅሰው፣ ታርቀው እራት ይበሉ ነበር። ማንጠግቦሽ ግን የእቃ ቦታ እንደሚፈልግ ሰው ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። አልጋ ሥር ጎንበስ አለች፤ ለመስታወቱ ሠጋች መሰለኝ ቀና አለች። ፎቶውን በአንድ ክንዷ አቅፋ መካከል ቤት ቆመች።

የዚያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። የማንጠግቦሽ ስልክ ነው፤ ጥሩሐረግ ናት። አሠሪዎቿ ለሥራ ሳይጠሯት በፊት ባላት ጥቂት ሰዓት ከወጥ ቤት ሆና ትደውላለች፤ ከድምፅዋ ኋላ ሁልጊዜ ውኃ ይፈስሳል። ማንጠግቦሽ ፎቶውን ሳታስቀምጥ በሌላ እጇ ስልኩን አነሣች።

«ደረሰ» አለች። «ደረሰ ልጄ፤ መቀነቴ ውስጥ ነው። ተመስገን። አይ፣ ምንም አላስቸገሩኝ፤ አንዲት ጎረቤት ናት ያወጣችልኝ። ሰው ታውቃለች። ኧረ አታውቂያትም። አዲስ ናት። እዚሁ አጠገቤ አለች፤ ላገናኝሽ?»

ስልኩን ዘረጋችላት። ምስራቅ እጇን እስክትሰጥ ድረስ ክንዷን አላጠፈችም።

«ሄሎ» አለች ጥሩሐረግ፣ ለማያውቁት ሰው በሚወጣ በጨዋ ድምፅ፣ በአማርኛ። «ጤና ይስጥልኝ እትየ። እግዜር ውለታዎን ይክፈልዎ። እናቴን ብቻዋን ሆና ነው የረዱልኝ። እኅት አለችኝ፤ ግን አይፍረዱባት፤ ትማራለች፣ ሥራም ይበዛባታል፤ ጊዜ አጥታ ነው እንጂ እሷ እናቷን የምትጥል አይደለችም።» ውኃው ፈሰሰ። ወዲያ ማዶ አንድ ሰው በዓረብኛ ተጣራ፤ ጥሩሐረግ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማን ልበል እትየ? ስምዎን ይንገሩኝ፣ በጸሎቴ እንዳስብዎ።»

ምስራቅ እናቷን አየች። እናቷ ግድግዳውን፣ ያንን ነጣ ያለውን ቦታ ታያለች። ምስራቅ ነጠላዋን ስባ አፏ ላይ አደረገች፤ ከንፈሯን ስልኩ ላይ አስጠጋች፤ ሲያጠምቋት የወጣላትን፣ በመታወቂያዋም በዲግሪዋም ላይ የሌለውን፣ ከሞተው አባቷ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ስም ተናገረች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ በጨርቅ ቤት እንደሚነገረው።

ወዲያ ማዶ ውኃው ተዘጋ።

«ምስራቅ?» አለች ጥሩሐረግ፣ ወደ ኽምጣንጋ ተመልሳ። «እንዴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ታዲያ ምን ያንሾካሹክሻል? ማን አለ ቤት ውስጥ?»

ቤት ውስጥ እናታቸው ብቻ ነበረች፤ ፎቶውን ታቅፋ።